«ቱናይት» ማለት መቼ ነው?

ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ኮልፌ ቀራንዮ

መግቢያ

ጊዜን ከሚያመለክቱ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሦች መካከል «ቱናይት» ከቀላሎቹ አንዱ ይመስላል። ሁላችንም ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ተምረነዋል። ትርጉሙን ብንጠየቅም አብዛኞቻችን ሳናመነታ «ዛሬ ማታ» ብለን እንመልሳለን። ለክፍል ፈተና ይህ መልስ ይበቃል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዜና ለሚተረጉም ሰው ግን አይበቃም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ቃሉ በውስጡ «ዛሬ» እና «ሌሊት» የሚሉ ሁለት ሐሳቦችን ይዟል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ዛሬ» የሚለው ቀን የሚያልቅበት ሰዓትና እኛ «ዛሬ» የምንለው ቀን የሚያልቅበት ሰዓት ደግሞ አንድ አይደለም። በዚህ ልዩነት የተነሳ ትክክል የሆነ ዜና በትርጉም ላይ በአንድ ቀን ሊሳሳት ይችላል። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቃሉን አገባብ ባጭሩ ያያል፤ ቀጥሎም ችግሩ የት ላይ እንደሚፈጠር በእውነተኛ ታሪኮች ያሳያል፤ በመጨረሻም ለኛ ሙያ ይጠቅማል የምለውን መፍትሔ ያቀርባል።

የቃሉ አገባብ

«ቱናይት» ድሮ «ቱ» እና «ናይት» ተብሎ ተለያይቶ ይጻፍ ነበር። ኋላ ላይ በመሐሉ ሰረዝ ገባበት፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በታተሙ መጻሕፍት ላይ ሰረዙ አሁንም ይታያል። ዛሬ አንድ ቃል ሆኗል። «ቱደይ» እና «ቱሞሮው»ም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

በአገባቡ ላይ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ) መስተዋድድ አይፈልግም። «ኢን ዚ ኢቭኒንግ» እና «አት ናይት» ስለምንል ብቻ «ኢን ቱናይት» ወይም «አት ቱናይት» ማለት አንችልም።

ለ) «ቱደይ ናይት» አይባልም። ይህ «ዛሬ ማታ»ን ቃል በቃል ከመተርጎም የሚመጣ ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ «የስተርደይ ናይት» ከማለት «ላስት ናይት» ማለቱ የተለመደ ነው። «ቱሞሮው ናይት» ግን ትክክል ነው፤ «የስተርደይ ሞርኒንግ»ም እንዲሁ። የማያስቸግረውና የሚያስቸግረው ጎን ለጎን ስለሆኑ ነው የምንደናገረው።

ሐ) ለወደፊት ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ብዙዎቻችን «ዊል» ካለበት ዓረፍተ ነገር ጋር አያይዘን ስለተማርነው የትንቢት ቃል ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ «አይ ሜት ሂም ቱናይት» ቢል ምንም ስህተት የለበትም። ምሽቱ ገና አላለቀምና።

መ) ስምም ይሆናል። «ቱናይትስ ጌም» ሲባል የዛሬ ማታው ጨዋታ ማለት ነው።

ሠ) የሌላን ሰው ንግግር ስንዘግብ ይለወጣል። በሰዋስው ክፍል «ሪፖርትድ ስፒች» ሲባል የተማርነው ነው። ተናጋሪው «ቱናይት» ያለው እኛ ስንጽፈው «ዛት ናይት» ይሆናል፤ በአማርኛም «በዚያው ምሽት»። ለፈተና የሸመደድናት ይህች ሕግ ለጋዜጠኛ ትልቅ ነገር ትናገራለች። «ዛሬ»፣ «ነገ»፣ «ቱናይት» የሚሉት ቃላት ትርጉማቸው የተንጠለጠለው በተናገራቸው ሰው ሰዓት ላይ ነው። ተናጋሪው ከተለየ ወይም ጊዜው ካለፈ ቃሉ ባዶ ይሆናል።

አንዱ «ናይት» በኛ ቤት ስንት ነው?

እንግሊዝኛው በአንድ «ናይት» የሚጠቀልለውን ጊዜ አማርኛ ይከፋፍለዋል። ማታ አለ፣ ምሽት አለ፣ ሌሊት አለ፣ ውድቅት አለ፣ ንጋት አለ። እንግሊዛዊ «አይ ዊል ኮል ዩ ቱናይት» ሲል ከምሽቱ 1 ሰዓትም ይሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊደውል ይችላል። እኛ ደግሞ «ማታ እደውልልሃለሁ» ያለንን ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢደውል በድንጋጤ ነው ስልኩን የምናነሳው። «ማታ» ብሎ «ሌሊት» ደወለ እኮ!

ከዚህም ባሻገር አማርኛ ጊዜን በተውሳከ ግሥ ብቻ አይናገርም፤ በግሥም ይናገራል። ዋለ፣ አመሸ፣ አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ የሚሉት ግሦች እያንዳንዳቸው ሰዓት ይዘዋል። «ሲዘንብ አመሸ» እና «ሲዘንብ አደረ» ስንል ዝናቡ መቼ እንደጣለ ለማወቅ ሌላ ቃል አያስፈልገንም። ሰላምታችንም እንደዚሁ ነው፤ «እንደምን አመሻችሁ» ስንገናኝ፣ «ደህና እደሩ» ስንለያይ። በመሆኑም «ኢት ሬይንድ ላስት ናይት» የሚለውን «ትናንት ማታ ዘነበ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አልተሳሳተም ይባል ይሆናል፤ ግን ዝናቡ እስከ ንጋት የቆየ ከሆነ «ሲዘንብ አደረ» የሚለው ነው እውነቱን የሚናገረው። ይህን ለመምረጥ ተርጓሚው መጀመሪያ ዝናቡ በስንት ሰዓት እንደነበር ማወቅ አለበት። እንግሊዝኛው አልጠየቀውም፤ አማርኛው ግን ይጠይቀዋል ማለት ነው።

«ዛሬ ሌሊት» የሚለው አነጋገራችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ተነስተን «ዛሬ ሌሊት መብራት ጠፋ» ስንል ያለፈውን ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ሌሊት እንሄዳለን» ስንል ደግሞ የሚመጣውን ነው። በንግግር ጊዜ ግሡ ያድነናል። ርእስ ላይ ግን ግሥ የለም። «ዛሬ ሌሊት የውኃ መቋረጥ» የሚል ርእስ ያነበበ የኮልፌ ነዋሪ በርሜሉን ይሙላ ወይስ ውኃው ተቋርጦ አልፏል ብሎ ይተኛ? ከርእሱ ብቻ ማወቅ አይችልም።

ሕግ አውጪዎችም ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ያወቁ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሌሊት ትርፍ ሰዓት ክፍያን ሲደነግግ «ሌሊት» ብሎ አላለፈም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብሎ በቁጥር ወስኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው ክፍያ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይታሰባል። ከ4 ሰዓት በፊት ያለው ግን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ ለሠራተኛው በ«ማታ» እና በ«ሌሊት» መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ልዩነት ነው።

ስድስቱ ሰዓታት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሰዓት ስንቀይር ስድስት እንደምንደምር ወይም እንደምንቀንስ ሁላችንም እናውቃለን፤ 8 ፒ.ኤም. ለኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የሰዓት ቁጥሩ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የቀኑ ስም ነው።

በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ የሌሊቱ ቁጥር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምርና ሳያቋርጥ እስከ 12 ይሄዳል። 5፣ 6፣ 7፣ 8 እያለ ይቀጥላል እንጂ መሐል ላይ የሚሰበርበት ቦታ የለም። ሲነጋ ነው አዲስ ቀን የሚባለው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያሉት ስድስት ሰዓታት በእንግሊዝኛው የነገ ናቸው፤ በኛ አስተሳሰብ ግን ገና የዛሬው ሌሊት ክፍል ናቸው። ስህተት የሚፈጠረው በነዚህ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ነው።

የሚገርመው ነገር «ቱናይት» ራሱ በዚህ ጉዳይ ከኛ ጋር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሆኖ «ቱናይት» ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ለሱም ቢሆን ሌሊቱ አንድ ነው። ሌሊቱን ለሁለት የሚቆርጠው ካሌንደሩ ነው። እንግዲህ ጠቡ በሁለት ቋንቋዎች መካከል ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ በራሱ በቃሉና በካሌንደሩ መካከል ነው።

ለምሳሌ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታን እንውሰድ። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 21፡00 ላይ የሚጀመር ጨዋታ በነሱ የክረምት ወራት ለኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ዕረፍቱና ባካና ሰዓቱ ተጨምሮ የሚያልቀው ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። በእንግሊዝኛው ካሌንደር አዲስ አበባ ውስጥ ማክሰኞ የተጀመረ ጨዋታ ረቡዕ አለቀ ማለት ነው። ሎሚ ሜዳ ወይም አየር ጤና ኳስ ቤት ያመሸ ልጅ ግን «የማክሰኞው ጨዋታ» ነው የሚለው። ትክክልም ነው።

አራት ሌሊቶች

ይህ ነገር ከኳስ ያለፈ ቁም ነገር እንዳለው ለማሳየት አራት የታወቁ ሌሊቶችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የጨረቃ ጉዞ ነው። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ በኒውዮርክ ሰዓት እሑድ ጁላይ 20 ቀን 1969 ከምሽቱ 10፡56 ነበር (በነሱ አቆጣጠር)። አሜሪካኖቹ «ቱናይት» ብለው ዘገቡት። ለንደን ላይ ሰኞ ጁላይ 21 ሆኖ 3፡56 ኤ.ኤም. ነበር። አዲስ አበባ ላይስ? በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ፤ ሊነጋ አራት ደቂቃ ሲቀረው! በቀኑ መቁጠሪያ ከሄድን ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በሰዓታችን ስሌት ከሄድን ግን የሐምሌ 13 ሌሊት ገና አላለቀም።

ሁለተኛው ደስ የሚል ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው ሰኞ ጁላይ 29 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ማታ ነበር። አትላንታ በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። የነሱ «ቱናይት» ለኛ ሌሊቱ የተጋመሰበት ሰዓት ነበር ማለት ነው፤ ከሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሐምሌ 22 ለ23 ቀን 1988 ዓ.ም.። የአሜሪካኑን ዘገባ ይዞ «ሰኞ ማታ» ብሎ የጻፈም፣ እዚህ በሬዲዮ ተከታትሎ «ማክሰኞ ሌሊት» ያለም አልዋሸም።

ሦስተኛው አሳዛኝ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን 90 ሰዎችን ይዞ ከቤይሩት ተነስቶ ወዲያው ባሕር ውስጥ የወደቀው ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ነው። የተነሳው በቤይሩት ሰዓት 2፡36 ኤ.ኤም. ሲሆን በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነበር። የእንግሊዝኛው ዜና «ሰኞ» ይላል። እዚህ ያለ ቤተሰብ ግን ዘመዱ የተሳፈረው «እሑድ ማታ» ነው ብሎ ያስባል፤ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሄደችው እሑድ መሽቶ ነዋ። «ሰኞ ሌሊት የተነሳ አውሮፕላን ተከሰከሰ» የሚል ዜና የሰማ ቤተሰብ «የኛዋ እሑድ ነው የተሳፈረችው» ብሎ ለጥቂት ደቂቃ የውሸት ተስፋ ሊይዝ ይችላል። በእንዲህ ያለ ሰዓት አንዲት የቀን ስም ምን ያህል ከባድ እንደሆነች አስቡት።

አራተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረበትን ሌሊት እኛ አገር ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ብለን እናስታውሰዋለን። ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ግን ኖቬምበር 4 ቀን 2020 ይሉታል። ጥቅምት 24 ወደ እንግሊዝኛው ሲለወጥ ደግሞ ኖቬምበር 3 ነው። ይህን ያየ አንባቢ «አንደኛው ወገን ቀኑን ቀይሮታል» ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ሌሊቱን በገባበት ቀን ጠራው፣ ሌላው በነጋበት ቀን። በዚህ ጦርነት ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ወደፊት ሰነድ የሚያመሳክር የታሪክ ተማሪ በቀን ስም ብቻ ተነስቶ ሰዎችን በውሸት እንዳይከስ ሁለቱንም ማወቅ ይኖርበታል።

ኮልፌ ላይ ቀኑ ሦስት ጊዜ ይጀመራል

የኔ ሰፈር ለዚህ ትምህርት ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። ኮልፌ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ናቸው። በእስልምና አቆጣጠር ቀኑ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የረመዷን ጨረቃ የታየች ምሽት ላይ የተራዊሕ ሶላት ይጀመራል፤ ጾሙ ግን በማግስቱ ነው። በኦርቶዶክሱም በኩል በዓል የሚጀምረው በዋዜማው ነው፤ የትንሣኤ ቅዳሴ ከቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ይቀደስና ጾሙ ሌሊት ይፈታል። በሌላ በኩል ከአየር ጤና ወደ ጅማ መስመር የሚሳፈር ሰው «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተገኝ» ይባላል፤ እሱ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ነው። ስልኩ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ቀይሮታል። ሦስት ዓይነት «ዛሬ» በአንድ ሰፈር ውስጥ አለ። ሰው ታዲያ እርስ በርሱ የሚግባባው ነገሩን ስለሚያውቀው ነው፤ የማያውቀው የውጭ ወረቀት ሲመጣ ግን ይደናገራል።

ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ የሆነው ይኸው ነው። ትኬቷ ላይ ቀኑ 15፣ ሰዓቱ 01፡35 ይላል። ቤተሰቡ «15 ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ገደማ» ብሎ በትክክል ሰዓቱን ቀየረ። ከዚያም 15 ቀን ማታ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሸኛት። ቦሌ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፤ የሄደው በ14 መሽቶ ለ15 አጥቢያ ነበር። ለሌላ ትኬት እንደገና ተበደሩ። የሰዓት ስሌታቸው ልክ ነበር። ያልተነገራቸው ነገር ቢኖር ወረቀቱ ላይ ያለው «15» የሚጀምረው በ14ኛው ሌሊት መሐል መሆኑ ነው። ትኬቱን የሸጠላቸው ሰው ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

መፍትሔው «አጥቢያ» ነው

አማርኛ ለዚህ ችግር የሚሆን ቃል ከጥንት ጀምሮ አለው። «አጥቢያ» የመጣው «ጠባ» ከሚለው ግሥ ነው፤ መስከረም ሲጠባ እንደምንለው፣ ነጋ ማለት ነው። አጥቢያ ኮከብም ሊነጋ ሲል የሚወጣው ኮከብ ነው። «ከእሑድ ለሰኞ አጥቢያ» ስንል ሌሊቱ የመጣበትንም የሚሄድበትንም ቀን አንድ ላይ እንናገራለን። እሑድ ብሎ የሚቆጥረውም ሰኞ ብሎ የሚቆጥረውም ይረዳዋል። እንግሊዝኛው ይህን ለማለት «ኦቨርናይት ሰንደይ ኢንቱ መንደይ» ብሎ ይዞራል። አንዳንድ ጓደኞቼ «አጥቢያ»ን የሽማግሌ ቃል አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ለዜና ከዚህ የተሻለ ትክክለኛ ቃል አላውቅም።

እንግዲህ ለዜና ሥራ የሚከተሉትን አራት ነጥቦች እንድንይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1. «ቱናይት»ን ከመተርጎማችን በፊት «የት ያለ ሰው፣ በስንት ሰዓት ተናገረው?» ብለን እንጠይቅ።

2. ድርጊቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከሆነ የቀኑን ስምና «ማታ» ወይም «ምሽት» እንጻፍ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ከሆነ «ከ... ለ... አጥቢያ» እንበል፤ ሰዓቱንም እንጨምር።

3. በጽሑፍ ዜና «ዛሬ ሌሊት» የሚለውን ብቻውን አንጠቀም። ጋዜጣ ማታ ተሰናድቶ ጠዋት ነው አንባቢ እጅ የሚገባው፤ የጸሐፊው ዛሬ ለአንባቢው ትናንት ነው። እንደ አሶሲዬትድ ፕሬስ ያሉ የዜና ወኪሎችም በአጻጻፍ መመሪያቸው ከ«ቱደይ» እና «ቱናይት» ይልቅ የሳምንቱን ቀን ስም ይመርጣሉ። በቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ተናጋሪውና አድማጩ አንድ ሰዓት ላይ ስለሆኑ «ዛሬ ማታ» ማለት ችግር የለውም።

4. የጥቅስ ቃል ውስጥ ያለን «ቱናይት» አንቀይር፤ ቀኑን ከጥቅሱ ውጭ እንግለጽ።

መልመጃ

በመጀመሪያ መልሱን ሸፍናችሁ ሞክሩት።

ሀ) «ዘ ሚኒስተር ዊል ስፒክ ቱናይት አት ኤይት።» (የተባለው ሰኞ ነው)
መልስ፦ ሚኒስትሩ ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ንግግር ያደርጋሉ።

ለ) «ዘ ፍላይት ሊቭስ አት 1፡20 ኤ.ኤም. ኦን ፍራይደይ።»
መልስ፦ አውሮፕላኑ ከሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡20 ይነሳል። ተሳፋሪዎች አውሮፕላን ጣቢያ መገኘት ያለባቸው ሐሙስ ማታ ነው።

ሐ) «ሺ ሰይድ ሺ ዉድ አራይቭ ዛት ናይት።»
መልስ፦ በዚያው ምሽት እንደምትደርስ ተናገረች። («ዛሬ ማታ» ያለ ተማሪ ወደ ነጥብ ሠ ይመለስ።)

መ) «ሬጂስትሬሽን ክሎዝስ አት ሚድናይት ሰንደይ።»
መልስ፦ ይህ በእንግሊዝኛውም አሻሚ ነው፤ እሑድ የሚገባበት እኩለ ሌሊት ነው ወይስ የሚወጣበት? ጠይቁ። የሚወጣበት ከሆነ «ምዝገባው ከእሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያበቃል» እንላለን።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል «ቱናይት» ማለት ዛሬ ማታ ነው የሚለው ትርጉም ግማሽ ትርጉም ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ቃሉን የተናገረው ሰው የት ሆኖ በስንት ሰዓት እንደተናገረውና አንባቢያችን ቀኑን ከየት እንደሚጀምር ስንጠይቅ ነው። መዝገበ ቃላት ይህን አይነግረንም። ዜና ጻፊ «መቼ» የሚለውን ጥያቄ ሲመልስ ለራሱ ሰዓት ሳይሆን ለአንባቢው ሰዓት መመለስ አለበት። የተማሪዎች ልምምድ ዜና ስናዘጋጅ ከአሁን በኋላ የሌሊት ዜና ሁሉ ሁለቱንም ቀን ይዞ እንዲወጣ ብናደርግ ጥሩ ጅምር ይሆናል እላለሁ። ሌላ ሐሳብ ያላችሁ ተማሪዎችና መምህራን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉበት ደስ ይለኛል።